ዋስትናው ያለፈበት ባለ 40 አምፔር ሶላር ቻርጅ ኮንትሮለር ጥገና፤ ድሬዳዋ፣ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ 2017

ሚያዝያ፤ የዕቃው ሁኔታ

የተበላሸው ዕቃ በ24 ቮልት ባትሪ ላይ እስከ 40 አምፔር የሚሞላ፣ ከፓነል በኩል ደግሞ እስከ 100 ቮልት የሚቀበል የኤምፒፒቲ ዓይነት (ከፓነሉ የሚቻለውን ከፍተኛ ኃይል የሚያወጣ) ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ማለትም የፓነሉን ኃይል እየመጠነ ባትሪ የሚሞላ ዕቃ ነው። ይሠራ የነበረው ሳቢያን ውስጥ ባለ አንድ የቀዝቃዛ ውኃና የጭማቂ ቤት ነው። ጣሪያው ላይ እያንዳንዳቸው 270 ዋት የሆኑ አራት ባለ 60 ሴል ፓነሎች አሉ፤ ሁለት ሁለቱ በተከታታይ ከተያያዙ በኋላ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ይገናኛሉ። በዚህ አያያዝ ወደ ኮንትሮለሩ የሚደርሰው ጭነት በሌለበት ጊዜ 76 ቮልት ገደማ፣ በሥራ ላይ ደግሞ 62 ቮልት ገደማ ነው። ባትሪዎቹ በተከታታይ የታሰሩ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪዎች ናቸው።

የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው የቆዩ ደንበኛዬ፣ እንደነገሩኝ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ የኮንትሮለሩ ስክሪን ጠፋ፤ የባትሪው ብሬከርም ወደቀ። ልጃቸው ብሬከሩን መልሶ ሲያነሳው በኃይለኛ ድምፅ ወዲያው ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ማንም አለመንካቱ በጀ፤ ሾርት ባደረገ፣ ማለትም መስመሮቹ ያለ ተቃውሞ በተገናኙበት ቦርድ ላይ ብሬከር ደጋግሞ ማንሳት የቦርዱን የመዳብ መስመር ጭምር ያነድዳል።

ዋስትናው የሁለት ዓመት ሲሆን ካበቃ ወራት አልፈዋል። የሸጠላቸው ሱቅ ጥገና እንደማይሠራ፣ መለዋወጫ ቦርድም እንደማያስመጣና ያለው አማራጭ አዲስ መግዛት ብቻ እንደሆነ ነግሯቸዋል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ግን አዲስ መግዛት ቀላል ነገር አይደለም፤ እሳቸው በ9,800 ብር የገዙት ዕቃ አሁን 24,000 ብር ተጠይቆበታል። «እስቲ አንድ ጊዜ ክፈትና እየው፤ ካልሆነም ቁርጡን ንገረኝ» አሉኝ። ወጪው የአዲሱን ዋጋ ሩብ፣ ማለትም 6,000 ብር የሚያልፍ ከሆነ እንድንተወው ተስማማን።

ሚያዝያ መጨረሻ፤ ከግድግዳ ማውረድና ሳይከፈት መለካት

በመጀመሪያ የፓነሉን መስመር፣ ከዚያም የባትሪውን አላቀቅሁ። ቅደም ተከተሉ የሚጠበቅ ነው፤ ባትሪው ቀድሞ ከተነሳ የፓነሉ ሙሉ ቮልቴጅ ማረፊያ ባጣው ኮንትሮለር ላይ ይቀራል። የፓነሉ መስመር ላይ የተገጠመው ብሬከር ለቤት ኤሌክትሪክ የሚያገለግለው የኤሲ ብሬከር ሆኖ ስላገኘሁት በእሱ አላመንኩም፤ ፓነሎቹን በሸራ ካስሸፈንኩ በኋላ ነው ገመዱን የነካሁት። በ76 ቮልት ዲሲ የሚነሳ ብልጭታ እንደ ኤሲው በራሱ ፈጥኖ አይቆረጥም።

ከመለካቱ በፊት ዓይን የሚይዙ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ኮንትሮለሩ በጎኑ ተኝቶ መሰቀሉ ነው። ገጣሚው የባትሪውን ገመድ ለማሳጠር ሲል ዕቃውን ዘጠና ዲግሪ አዙሮ ስላሰረው የሂት ሲንኩ (ሙቀት የሚያስወጣው ብረት) ክንፎች አግድም ሆነዋል፤ ሞቆ ወደ ላይ መውጣት የነበረበት አየር ክንፎቹ መካከል ታፍኖ ይቀራል። የተሰቀለበት ግድግዳም ወደ ምዕራብ የሚያይ፣ ኮርኒስ የሌለውና በላዩ ቆርቆሮ ብቻ ያለበት ነው፤ የድሬዳዋን የግንቦት ከሰዓት በኋላ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሁለተኛው የባትሪው ፖዘቲቭ ተርሚናል ነው፤ ብሎኑ በካቻቢቴ ሲነካ ያለ ምንም ተቃውሞ ሩብ ዙር ዞረ፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም ቡናማ ሆኖ ለስልሷል። እጅብ ያለው ቀጭን የሽቦ ክር ጫፉ ላይ ምንም ሳይታሰርበት እንዳለ ገብቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሽቦ ሲሞቅና ሲበርድ እየተጋደመ ይላላል።

የውስጡ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) እስኪራገፉ ጠብቄ በመልቲሜትር ስለካ በባትሪው ሁለት ተርሚናሎች መካከል 0.3 ኦም አገኘሁ፤ ይህ ሾርት ነው። በፓነሉ ተርሚናሎች መካከል ግን በዳዮድ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) መለኪያ በአንድ አቅጣጫ 0.45 ቮልት አነበበ፣ በሌላው አቅጣጫ ክፍት ነበር። ሌሊት ባትሪው ወደ ፓነሉ እንዳይመለስ የሚከለክለው ሞስፌት (እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ክፍል) በውስጡ እንደ ዳዮድ የሚሠራ ክፍል አለው፤ የታየው እሱ ነው። ስለዚህ ከልካዩ ሞስፌት ደህና ሲሆን ከእሱ ወዲያ ያሉት፣ ተራ በተራ እየበሩና እየጠፉ ቮልቴጁን የሚያወርዱት የላይኛውና የታችኛው ሞስፌቶች ሁለቱም ወገን ሾርት አድርገዋል ማለት ነው። ሳይከፈት ይህን ያህል ማወቅ መቻሉ ጠቃሚ ነው፤ ባለቤቱን ምን ያህል ተስፋ እንዳለው ከመነሻው መንገር ይቻላል።

ግንቦት፤ የተከፈተው ቦርድ

ከዚራ ባለው የሥራ ክፍሌ ውስጥ ስከፍተው መጀመሪያ የወጣው አቧራ ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነፋስ ሲነሳ የማይገባበት ቀዳዳ ስለሌለ ይህ አላስገረመኝም፤ በለስላሳ ብሩሽና በአየር አጸዳሁት። ቦርዱ እርጥበት መከላከያ ቫርኒሽ የተቀባ በመሆኑ በየመለኪያ ነጥቡ ላይ መፋቅ አስፈልጓል።

ኃይሉን የሚሸከሙት ሞስፌቶች አራት ናቸው፤ ሁለት ላይ፣ ሁለት ታች፣ በየወገናቸው ጎን ለጎን የታሰሩ። ላያቸው ላይ 4110 የሚለው ቁጥር ይነበባል፤ 100 ቮልት የሚችለው አይአርኤፍቢ 4110 መሆኑ ነው። ከታችኞቹ አንዱ በጥቁር አካሉ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አለችው፤ ቀዳዳዋ ዙሪያ ግራጫ ቀለበት ሠርታለች፤ ፊት ለፊቷ ያለው የክዳኑ ውስጠኛ ገጽም በጥላሸት ተነክቷል። ሌሎቹ ሦስቱ ከውጭ ሲታዩ አዲስ ይመስላሉ። አራቱንም አውጥቼ ለየብቻ ስለካቸው ግን የታችኞቹ ሁለቱም፣ ከላይኞቹ ደግሞ አንዱ ሾርት ሆነው ተገኙ። አራተኛው ቢያልፍም አልመለስኩትም፤ ሦስት ጓደኞቹ በሞቱበት ድንጋጤ ውስጥ ያለፈን ሞስፌት እንደ ጤነኛ መቁጠር አይቻልም።

ሞስፌቶቹን ለማውጣት በመጀመሪያ እግሮቻቸውን በመቁረጫ ቆርጬ አካላቸውን አነሳሁ፤ ከዚያ የቀሩትን እግሮች አንድ በአንድ በካውያና በፒንሳ መዘዝኩ። የቦርዱ መዳብ ወፍራም በመሆኑ ባለ 60 ዋቱ ካውያ ብቻውን ስታኞውን ሊያቀልጠው አልቻለም፤ ቦርዱን ከታች በሙቅ አየር እያሞቅሁና በእያንዳንዱ እግር ላይ ትኩስ ስታኞ እየጨመርኩ ነው የወጣልኝ። በኃይል መሳብ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን የመዳብ ቱቦ ይዞ ስለሚመጣ ትዕግሥት ይጠይቃል። መሐል ላይ መብራት ስለሄደ የቀሩት ሁለት እግሮች ለማግሥቱ ተላለፉ።

ሞስፌት ሾርት ሲያደርግ ከፍተኛው ቮልቴጅ በጌቱ፣ ማለትም ሞስፌቱን በሚያበራውና በሚያጠፋው እግር በኩል ወደ ኋላ ይሄዳልና ፍተሻው እዚያ አያቆምም። ከአራቱ ባለ 10 ኦም የጌት ሬዚስተሮች ሁለቱ ክፍት ሆነዋል፣ አንዱ 47 ኦም ያነባል። ለጌቶቹ ምልክት የሚልከው የጌት ድራይቨር አይሲ፣ አይአር 2110 ዓይነት፣ የኃይል መግቢያ እግሩ ከመሬት ጋር 6 ኦም ብቻ አነበበ፤ እሱም ሞቷል።

ግንቦት፤ ካፓሲተሮቹ

ብዙ ጥገና የሚያበቃው ከላይ በተጻፈው ላይ ነው፤ የተቃጠለው ይለወጣል፣ ዕቃው ይበራል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ሞስፌት በራሱ ጊዜ የሚሞት ዕቃ አይደለም፤ የሚገድለው ሙቀት፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ቮልቴጅ ወይም ደካማ የጌት ምልክት ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ሳላገኝ አዲስ ሞስፌት ላለመግዛት ወሰንኩ።

ከፓነሉ በኩል በ100 ቮልት የተመዘኑ፣ እያንዳንዳቸው 470 ማይክሮፋራድ የሆኑ ሦስት ካፓሲተሮች ከሂት ሲንኩ ጋር ተጠግተው ቆመዋል። አናታቸው አላበጠም፣ ከሥራቸውም የወጣ ፈሳሽ የለም። አውጥቼ፣ ካራገፍኳቸው በኋላ፣ በክፍል መመርመሪያው ስለካቸው ግን የያዙት 330፣ 290 እና 240 ማይክሮፋራድ ሲሆን የውስጥ ተቃውሟቸው፣ ማለትም ኢኤስአራቸው፣ በቅደም ተከተል 0.9፣ 1.3 እና 1.6 ኦም ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ከ0.1 ኦም በታች ማንበብ ነበረባቸው። ያላበጠ ካፓሲተር ደህና ነው የሚለው የዓይን ፍርድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፈሳሹ ቀስ እያለ በጎማው በኩል ሲተን ምንም ዓይነት የውጭ ምልክት አይተውም።

ይህ ቁጥር ምን እንደሚያደርስ ማስላት ይቻላል። ኮንትሮለሩ የፓነሉን 62 ቮልት ወደ 27 ቮልት የሚያወርደው የላይኛውን ሞስፌት በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ በማብራትና በማጥፋት ነው። ሞስፌቱ በበራ ቁጥር 30 አምፔር ገደማ በድንገት ይስባል፤ ፓነሉ በረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ስላለ ይህን ድንገተኛ ፍላጎት የሚያሟሉት አጠገቡ ያሉት ካፓሲተሮች ናቸው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ተቃውሟቸው 0.4 ኦም ይሆናል፤ 30 አምፔር ሲባዛ በ0.4 ኦም ደግሞ 12 ቮልት ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ መብራትና መጥፋት ላይ መስመሩ 12 ቮልት ይወዛወዛል፤ በዚያ ላይ ከቦርዱ መስመር የሚፈጠረው ሹል ብልጭታ ይጨመራል። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ የፓነሉ ቮልቴጅ ወደ 76 ስለሚጠጋ 100 ቮልት የሚችለው ሞስፌት ህዳግ አልባ ይሆናል።

በእኔ ግምት ታሪኩ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፤ ዕቃው ተኝቶ በመሰቀሉ ሂት ሲንኩ ከሚገባው በላይ ጋለ፤ ከጎኑ ያሉት ካፓሲተሮች ደረቁ፤ የደረቁት ካፓሲተሮች የቮልቴጅ ውዝዋዜውን መያዝ አቃታቸው፤ በመጨረሻ ሞስፌቱ ተሰበረ። በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ላይ የሚሠራው የታወቀ ሕግ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ሐረር ያለ የሙያ ባልደረባዬ ተመሳሳይ ዓይነት ኮንትሮለሮች ለጥገና ብዙም እንደማይመጡለት ይነግረኛል፤ ሐረር ከድሬዳዋ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትልና ስለምትቀዘቅዝ የሚያስኬድ ነገር ነው።

ግንቦት መጨረሻ፤ ዕቃ ፍለጋ

ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ውስጥ በየሱቁ የሚገኘው ሞስፌት አይአርኤፍ 3205 ነው። ለ12 ቮልት ኢንቨርተር ጥሩ ዕቃ ነው፤ የሚችለው ግን 55 ቮልት ብቻ ስለሆነ 76 ቮልት በሚደርስበት ቦርድ ላይ ለአንድ ሴኮንድም አይቆይም። አምፔሩ ትልቅ ነው በሚል ብቻ እንዲህ ዓይነት ቦርድ ላይ ተሰክቶ ያየሁባቸው ጊዜያት አሉ።

አንድ ሱቅ 4110 የተጻፈበት በ350 ብር አቀረበልኝ። «ኦሪጅናል ነው አቦ፤ ካልሠራ መልስልኝ» አለኝ ሻጩ። ቃሉን ይዤ አራት ወሰድኩና ከመበየዴ በፊት በሁለት መንገድ ፈተንኳቸው። የመጀመሪያው የጌት ካፓሲታንስ ነው፤ እውነተኛው 4110 ወደ 9.6 ናኖፋራድ ይጠጋል፤ እነዚህ ግን 3.2 ናኖፋራድ አነበቡ። ሁለተኛው ጌቱን በ12 ቮልት አብርቶ በሞስፌቱ ውስጥ 5 አምፔር ማሳለፍና የሚወድቅበትን ቮልቴጅ መለካት ነው፤ 4 ሚሊኦም ገደማ ከሆነ 20 ሚሊቮልት ይጠበቃል። የተገኘው 41 ሚሊቮልት ነው፤ ይህም 8 ሚሊኦም መሆኑ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች የሚገጥሙት ከ3205 ጋር ነው፤ ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል ማለት ነው። ሻጩ ግን ቃሉን አክብሮ ያለ ጭቅጭቅ ገንዘቤን መልሶልኛል፤ እሱም ከአስመጪው እንደተቀበለው ነው የሸጠው።

መፍትሔው የተገኘው ከወዳደቀ ዕቃ ነው። ባለ 72 ቮልት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሎች ኮንትሮለር ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚሁ በ4110 ነው። ውኃ ገብቶበት የተጣለ አንድ ኮንትሮለር በ900 ብር ገዛሁ፤ በውስጡ ካሉት 12 ሞስፌቶች 9ኙ ደህና ሆነው ተገኙ፤ በ5 አምፔር ፈተናም ከ19 እስከ 21 ሚሊቮልት ባለው ውስጥ ገቡ። ጎን ለጎን የሚታሰሩት ጥንዶች ጭነቱን እኩል እንዲካፈሉ እርስ በርስ የሚቀራረቡትን አራት መረጥኩ። ጌት ድራይቨሩን ከሞተ የኢንቨርተር ቦርድ ላይ በ400 ብር አገኘሁት። ካፓሲተሮቹን ግን አሮጌ መውሰድ ትርጉም ስለሌለው 105 ዲግሪ የሚችሉና ኢኤስአራቸው ዝቅተኛ የሆነ ሦስት አዳዲሶች ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ፣ በአውቶቡስ አስላክሁ፤ አንዱ 280 ብር ነው። ሲደርሱ ለካኋቸው፤ ሦስቱም ከ0.06 ኦም በታች ናቸው።

ሰኔ፤ መመለስና ማብራት

ሞስፌቶቹ ሳይበየዱ በፊት ከሂት ሲንኩ ጋር በብሎን መጥበቅ አለባቸው፤ መጀመሪያ ተበይደው በኋላ ከተጠበቁ ብሎኑ አካሉን ሲስበው እግሮቹና ብየዳው ይወጠራሉ፤ ከወራት ሙቀትና ቅዝቃዜ በኋላም ይሰነጠቃሉ። የማይካ መከላከያዎቹን በሁለቱም ገጽ ስስ የሙቀት ቅባት ቀብቼ አስገባሁና እያንዳንዱ ሞስፌት ከሂት ሲንኩ ጋር አለመነካካቱን በመልቲሜትር አረጋግጬ ካውያውን አነሳሁ። ቅባት ሲበዛ ጥሩ የሚመስላቸው አሉ፤ ቅባቱ የሚያስፈልገው ክፍተቱን እንዲሞላ ብቻ ነው፤ ወፍራም ሲሆን ራሱ የሙቀት መከላከያ ይሆናል።

ሞስፌቶቹን ከመበየዴ በፊት ግን ቦርዱን በ200 ሚሊአምፔር ከተገደበ ባለ 24 ቮልት ምንጭ አበራሁት። ስክሪኑ በራ፤ 24 ቮልት ባትሪ መሆኑንም ለየ። የድራይቨሩ 12 ቮልት መስመር በመልቲሜትር 11.9 ቢልም በተዋስኩት ትንሽ ኦስሎስኮፕ (የቮልቴጅን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ሲታይ ጥርስ ጥርስ ያለው ነበር፤ መስመሩን የሚያለዝበው ባለ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከሂት ሲንኩ ሥር ስለሆነ እሱም ደርቋል። ከተለወጠ በኋላ መስመሩ ቀጥ አለ።

ቀጥሎ ሞስፌቶቹን በይጄ በባትሪውና በኮንትሮለሩ መካከል ሁለት የባጃጅ የፊት መብራት አምፖሎችን በተከታታይ አስገባሁ። እያንዳንዳቸው 12 ቮልት 35 ዋት ስለሆኑ ሾርት ቢኖር ከ3 አምፔር በላይ አያሳልፉም፤ ደምቀው በመብራት ያሳውቃሉ እንጂ ቦርዱ አይነድም። አምፖሎቹ አልበሩም፤ ይህ ጥሩ ነው። ከፓነል በኩል ደግሞ አንድ ፓነል ብቻ ደጅ አውጥቼ አገናኘሁ፤ አንድ ፓነል 38 ቮልትና 9 አምፔር ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ ለሙከራ ከማንኛውም የኃይል ምንጭ ይሻላል፣ ፀሐዩም በነጻ ነው።

ስክሪኑ ፓነሉን አየው፤ የመሙያው አምፔር ግን ዜሮ ላይ ቆመ። በኦስሎስኮፕ ሲታይ የታችኛው ሞስፌት ጌት ላይ ምልክት አለ፣ የላይኛው ላይ ግን የለም። የላይኛው ሞስፌት ለጌቱ የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ የሚያገኘው ከ12 ቮልቱ መስመር በአንድ ዳዮድ በኩል በሚሞላ ትንሽ ካፓሲተር ነው። ዳዮዱ በቦርድ ላይ ሳለ ሲለካ ደህና መስሎ ነበር፤ አንድ እግሩን አንስቼ ስለካው በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። በእጄ ብዙ 1ኤን 4007 ቢኖርም ዳዮዱ በፍጥነት መዘጋት ስላለበት ዝግተኛው 4007 ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ተመሳሳይ ቮልቴጅ ያለውን ፈጣኑን ዩኤፍ 4007 አስገባሁ። በዚህ ጊዜ የላይኛው ጌት ምልክት ወጣ፤ አምፔሩም ከዜሮ ተነስቶ መውጣት ጀመረ፤ አምፖሎቹም ደብዘዝ ብለው በሩ። አምፖሎቹን አውጥቼ በቀጥታ ባትሪው ላይ ሳገናኘው በአንድ ፓነል ከ8 አምፔር በላይ ሞላ።

ሰኔ አጋማሽ፤ ወደ ቦታው መመለስ

ወደ ድሮው ግድግዳ እንደማይመለስ ለእትዬ ቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። አዲሱ ቦታ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የማያገኘው፣ ኮርኒስ ያለው የውስጥ ክፍል ግድግዳ ነው። በትራፓኖ በስቼ፣ ዕቃውን ቀጥ አድርጌ፣ ክንፎቹ ወደ ላይ እንዲያዩና ከላይና ከታች 15 ሳንቲሜትር ያህል ክፍት እንዲሆን ሰቀልኩት። የባትሪው ገመድ በመርዘሙ ወደ ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ከፍ አደረግሁት፤ ጫፎቹንም በመዳብ ቱቦ ጨምቄ አሰርኩ። የፓነሉ መስመር የኤሲ ብሬከር በዲሲ ብሬከር ተተካ፤ የዲሲ ብሬከሮች ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተለይቶ የሚገባባቸው ስላሉ ላዩ ላይ ያለውን ምልክት ማየት ያስፈልጋል። የለሰለሰው ተርሚናልም ከሞተር ሳይክሉ ኮንትሮለር ላይ በወጣ የመዳብ ተርሚናል ተለውጧል።

የቆየ ጉድለትም ተገኘ። ኮንትሮለሩ የባትሪ ሙቀት መለኪያ የሚሰካበት ቦታ አለው፤ ከመጀመሪያው ግን ምንም አልተሰካበትም፤ ስለዚህ ባትሪው ዘወትር 25 ዲግሪ ላይ እንዳለ ይቆጥራል። የሊድ አሲድ ባትሪ መሙያ ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ሴል በአንድ ዲግሪ 3 ሚሊቮልት ያህል መቀነስ ይኖርበታል። 12 ሴል ላለው የ24 ቮልት ባትሪ፣ ባትሪው 38 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ ይህ 0.47 ቮልት ይሆናል፤ 28.4 የሚለው መጠን 27.93 መሆን ነበረበት ማለት ነው። ጄል ባትሪ ውኃ የማይጨመርበት በመሆኑ በየቀኑ ግማሽ ቮልት በትርፍ መጫን ዕድሜውን ዝም ብሎ ይበላዋል።

የሚስማማውን መለኪያ ለማወቅ በመሰኪያው ላይ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሳስገባ ስክሪኑ 25 ዲግሪ አሳየ፤ ሁለት እንደዚያ ያሉትን ጎን ለጎን አድርጌ 5 ኪሎ ኦም ስሰጠው 41 አለ። ይህ በገበያ ከሚገኘው ተራ ባለ 10 ኪሎ ኦም ኤንቲሲ (ሲሞቅ ተቃውሞው የሚቀንስ የሙቀት መለኪያ) ጋር ስለሚገጥም አንዱን በሽቦ አስረዝሜ የባትሪው ጎን ላይ ለጠፍኩት።

ሰኔ መጨረሻ፤ የሙቀት ልኬት

ቦታ መለወጡ ምን ያህል እንደጠቀመ ለማወቅ፣ በአንድ የፓነል መስመር ብቻ፣ ማለትም በ16 አምፔር ገደማ፣ ኮንትሮለሩን ለጊዜው ወደ ድሮው ግድግዳ መልሼ እንደቀድሞው በጎኑ ሰቅዬ ለካሁት። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሂት ሲንኩ 63 ዲግሪ ደረሰ። በማግሥቱ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ጭነት በአዲሱ ቦታ 49 ዲግሪ ሆነ። የ14 ዲግሪ ልዩነት በካፓሲተሮቹ ሕግ ሲሰላ ዕድሜያቸውን ከእጥፍ በላይ ያራዝመዋል፤ ለዚህ የወጣው ደግሞ የፊሸር፣ የብሎንና የገመድ ዋጋ ብቻ ነው።

አሁን አራቱም ፓነሎች ተገናኝተው እኩለ ቀን ላይ እስከ 31 አምፔር ይሞላል። ፓነሎቹ በስማቸው 1,080 ዋት ቢሆኑም በጋለ ቆርቆሮ ላይ ያለ ፓነል በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ስለሚያጣ ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም። የስክሪኑ አምፔር ገመዱን አቅፎ ከሚለካው ክላምፕ ሜትር በ0.8 ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ለመሙያው የሚያስፈልገው ቮልቴጁ በመሆኑና እሱም ከመልቲሜትሩ ጋር ስለሚስማማ እንዳለ ተውኩት።

ሐምሌ፤ ሒሳብና ቀሪ ሥራ

ለቦርዱ የወጣው ለሞተር ሳይክሉ ኮንትሮለር 900፣ ለጌት ድራይቨሩ 400፣ ለትልልቆቹ ካፓሲተሮች 840፣ ለጥቃቅኑ 200፣ ለማይካና ለሙቀት ቅባት 350፣ በድምሩ 2,690 ብር ነው። ለዲሲ ብሬከሮቹ 1,400፣ ለገመድ፣ ለጫፍ ማሰሪያዎች፣ ለሙቀት መለኪያውና ለመስቀያው ደግሞ 1,750 ብር ወጥቷል። አጠቃላዩ 5,840 ብር ስለሆነ ከተስማማንበት ጣሪያ በታች ነው፤ የእጅ ዋጋዬ በዚህ ውስጥ የለም። ከእነዚህ መካከል ብሬከሮቹና ገመዱ አዲስ ኮንትሮለር ቢገዛም መውጣታቸው የማይቀር ነበር።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ሄጄ ተርሚናሎቹን እንደገና አጠበቅሁ፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ብሎን በጥቂቱ ተቀብሎኛል፤ ሌሎቹ አልተነቃነቁም። የካፓሲተሮቹን ኢኤስአር በመስከረም ቦርዱ ላይ እንዳሉ ለመለካት ቀጠሮ ይዣለሁ።

እትዬ ሁለት ፓነሎች መጨመር ፈልገዋል፤ «ጣሪያው ባዶ ነው፣ ፍሪጅም ልጨምር ነው» ይላሉ። የታሰባቸው በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ መጨመር ነበር። ሦስት ፓነል በተከታታይ ሲሆን 114 ቮልት ስለሚመጣ በዚህ ኮንትሮለር ላይ በፍጹም አይሆንም፤ በመጀመሪያው ጠዋት ይገድለዋል። ሁለቱን በሦስተኛ መስመርነት ጎን ለጎን ማሰር ቮልቴጁን አያበዛውም፤ ነገር ግን ኮንትሮለሩ ከ40 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ የተጨመረው ኃይል ገሚሱ ይባክናል፤ ዕቃውም በየቀኑ ለሰዓታት በሙሉ አቅሙ እየጋለ ይሠራል፤ ይህ ደግሞ ካፓሲተሮቹን ያደረቀውን ሁኔታ መልሶ መፍጠር ነው። ያለው ትክክለኛ መንገድ ለሁለቱ አዳዲስ ፓነሎች የራሳቸው ባለ 20 አምፔር ኮንትሮለር ገጥሞ ሁለቱን ኮንትሮለሮች እዚያው ባትሪ ላይ ማገናኘት ነው። የባለ 20 አምፔሩን ዋጋ ጠይቄ እስካሳውቃቸው ድረስ ፓነሎቹን እንዳይገዙ ነግሬያቸዋለሁ።